የከሰሏ ቤድፎርድ

ከማሉዲን ከአባቱ የወረሳት ቤድፎርድ የጭነት መኪና ከቤተሰቡ ሱቅ ጀርባ ባለው ግቢ በድንጋይ ላይ ተሰቅላ ስትከርም፣ ዶሮዎች መጀመሪያ ከሥሯ፣ በኋላም ከጋቢናዋ ገብተው ማደር ጀመሩ። ከማሉዲን ዶሮዎቹን ማስወጣት ቻለ፤ መኪናዋን ማስወጣት ግን አልቻለም። ቤንዚን በኩፖን ነበር። ኩፖን የሚሰጠው ስምሪት ላላት መኪና ነው። ስምሪት የሚሰጠው ደግሞ በራሷ ነዳጅ እስከ ቢሮው ደጃፍ ድረስ ነድተው ለሚያሳዩዋት መኪና ነው። ከማሉዲን ከኩፖኑ ቢሮ ወደ ስምሪቱ፣ ከስምሪቱ ወደ ኩፖኑ፣ አውድማ ላይ እንደተጠመደ በሬ ሲዞር ባጀ። በሬው እንኳ ሲዞር እህሉ ይወቃል።

«ትናንት ምን አሉህ?» አለችው እህቱ ራዚያ ሱቁን እየከፈተች።

«ኩፖን አምጣ አሉኝ።»

«የኩፖኑ ቢሮስ?»

«ስምሪት አምጣ።»

«ሁለቱ ቢሮዎች ግድግዳ ለግድግዳ አይደሉም እንዴ? መስኮት ቢከፍቱላቸው አንተ ታርፍ ነበር።»

ራዚያ ታላቁ ናት፤ ቀልዷም ከሆዷ አልነበረም። አባታቸው ነዚፍ ከቡታጅራ ወገን መጥተው ዲላ ላይ ሰው የሆኑት በዚያች መኪና ነው፤ ጨው ወደ ይርጋጨፌ እያወጡ፣ ቡና ወደ ዲላ እያወረዱ። ሲሞቱ ሱቁ ለራዚያ፣ መኪናዋ ለከማሉዲን ደረሰች። አሁን ደግሞ የአውራጃው የትራንስፖርት ኮሚቴ አንድ ውሳኔ አሳልፏል። ስድስት ወር ያለ ሥራ የቆመ ተሽከርካሪ «ለሕዝብ ጥቅም ይውላል።» ለሕዝብ ጥቅም የዋሉት መኪናዎች ከከተማው ዳር በታጠረ ግቢ ውስጥ ይታዩ ነበር። ጎማ የላቸውም፣ መብራት የላቸውም፤ አንደኛዋማ በር እንኳ አልቀረላትም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቤድፎርዷ ሥራ ካልጀመረች ከእነሱ አጠገብ መቆሟ ነው።

ከማሉዲን አዲስ አበባ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምሮ አባቱ ሲታመሙ ያቋረጠ ሰው ነው። አንድ ነገር ሲበላሽበት አይሳደብም፣ በመዶሻም አይመታም፤ ቁጭ ብሎ ያየዋል። አይቶ አይቶ የነገሩን ጫፍ ሲይዝ ብቻ ይነሳል። አባቱ በጣሊያን ጊዜ በከሰል የሚሄዱ መኪናዎች እንደነበሩ ሲያወሩ ሰምቷል። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚያወጣው ጋዝ ራሱ የሚነድ ጋዝ ነው፤ ሞተር ይህን ጋዝ ከአየር ጋር ቀላቅሎ ቢስበው ይሠራል። ቤንዚን ባይኖርም በጌዴኦ ከሰል ሞልቷል።

በያጁ ይርጉ ጓደኛው ነው፤ አብሮት ያደገ የወናጎ ልጅ። ሁለቱ አንድ የዘይት በርሜል ቆርጠው ምድጃ አደረጉት፤ ውስጡን በሸክላ ጭቃ ለሰኑት። ጋዙ በረጃጅም ቱቦዎች እየዞረ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም ቃጫ በታጨቀበት ጣሳ ውስጥ አልፎ አመዱን ትቶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ቃጫውን ራዚያ ከገመድ ሻጮች አመጣችላቸው። ከሰሉን የሚነፉት ቡና በሚሰጣበት የሽቦ ወንፊት ነበር፤ ደቃቁ ወደ ታች፣ የእንቁላል ያህሉ ወደ ምድጃ።

ቤድፎርዷ ዲላ ውስጥ ሄደች። ሕፃናት ተከተሏት። ከወናጎ ወዲያ ያለው ዳገት ላይ ግን፣ ባዶዋን፣ ተንፈራግጣ ቆመች።

«ታዲያ ሄዳለች አይደል?» አለ ይርጉ ከጎማዋ ሥር ታኮ እየወሸቀ። «እስከዚህ።»

«እስከዚህማ በሬም ይሄዳል።»

ከማሉዲን ዳገቱ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሞተሩን ሲያይ ቆየ። የከሰል ጋዝ ደካማ ነው፤ አንድ ጉርሻ ቤንዚን የሚሠራውን ለመሥራት ብዙ ጉርሻ ይፈልጋል። የሞተሩ አፍ ግን ያው ነው፤ በራሱ ትንፋሽ ከሚስበው በላይ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ካልሳበ ሊገፋለት ይገባል።

የሚገፋውን ዕቃ ያገኘው ከቁራጭ ብረት ነጋዴ ጓሮ፣ ገደል ከገባ ትራክተር ላይ ነው። በሁለት አሮጌ ጎማ ለወጠውና በጆንያ አዝሎ አመጣው።

«ይሄ ቀንድ አውጣ ምንድነው?» አለ ይርጉ።

«ተርቦ ይባላል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በዚህ በኩል መዘውሩን ያዞረዋል። መዘውሩ በዚያ በኩል ሌላ መዘውር ያዞራል። ያኛው ጋዙንና አየሩን አፍኖ ወደ ሞተሩ ይገፋል።»

ይርጉ መዘውሩን በጣቱ አሽከረከረው። «ወናፍ ነዋ።»

«ወናፍ ነው። የሚነፋው ግን የራሷ ትንፋሽ ነው።»

«እንግዲያው ሆዷን ነፍታ የምትሮጥ እንቁራሪት ልታደርጋት ነው።»

ወናፉን ማሰር ቀላል ነበር፤ ማሠራት ነው ያስመረራቸው። ግፊቱ ሲመጣ መጋጠሚያዎቹ ተራ በተራ ፈነዱ። ጋዙ ሽታ ስለሌለው ይርጉ በተዘጋው መጋዘን ውስጥ ሲበይድ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ በሜዳ ብቻ ሠሩ። ቃጫው በጤዛ እየራሰ ተደፈነ። ጤዛው ከቱቦው የሚፈስበት ቀዳዳ ሲያበጁለት ደግሞ ዘይት ወደ ወናፉ የሚሄድበት ቧንቧ ተሰነጠቀ። ከማሉዲን አንዱን ጥፋት ሳያርም ሌላውን አይነካም፤ ሁለት ነገር በአንድ ቀን አይለውጥም። ይህ ጠባዩ ይርጉን ያሳብደው ነበር።

«ወዳጄ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው እኮ። ሁሉንም አብረን እንቀይረውና የሆነው ይሁን።»

«ሁሉንም ቀይረን ብትሄድ የትኛው እንዳስኬዳት በምን እናውቃለን?»

«ከሄደች ምን ቸገረን?»

«ስትቆም ይቸግረናል።»

በመጨረሻ ሄደች። ጨው እንደሚጭኑባት ያህል ድንጋይ ጭነውባት የወናጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀጥሎም በሦስተኛ ወጣችው። ወናፉ ያፏጫል፤ ፉጨቱ ሲቀጥን ጉልበቷ ይመጣል። አባቱ በቤንዚን ሲነዷት እንኳ በዚያ ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው አያውቁም። ይርጉ ከኋላ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከማሉዲን ግን አንድ ጠባይ አየባት። እሳቱን የሚያግለው ሞተሩ አየር ሲስብበት ነው። ሞተሩ ሲፈጥን እሳቱ ይግላል፣ ጋዙ ይበረታል፣ ወናፉ ይነፋል። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ትንሽ ካነሳ ግን እሳቱ ይዝላል፣ ጋዙ ይሳሳል፣ ወናፉ ይተኛል፤ መልሶ ቢረግጥም ወዲያው አትመለስም። ሜዳ ላይ ይህ ምንም አይደለም። ዳገት ላይ ግን ሞት ነው። ከዳገቱ ሥር እሳቷን አግሎ፣ ሳያነሳ፣ እስከ ጫፉ መርገጥ ነው። ከዚህ ሌላ መድኃኒት አላገኘላትም።

ስለዚህ ኮሚቴው መኪናዋን ሊፈትን ሲወስን፣ ከማሉዲን አስቀድሞ ወደ ጸሐፊው ወደ ውዳሴ ቢሮ ሄደ። ፈተናው ከዲላ ጨው ጭና ከወናጎው ዳገት ወዲያ፣ ኮንጋ ላለው የገበሬ ማኅበር ሱቅ ማድረስ ነው።

«አንድ ልመና ነው ያለኝ፣ ጓድ ውዳሴ። መንገድ ላይ የኮሚቴው ላንድሮቨር ከኋላዬ ይሁን።»

ውዳሴ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጓድ ሊቀመንበሩ ካንተ ጨው ኋላ?»

«ዳገቱ ላይ ብቻ። ፊቴ ቀርፋፋ መኪና ካለ እግሬን ማንሳት ሊኖርብኝ ነው። ካነሳሁ ትቆማለች።»

«በዚህ አውራጃ ውስጥ ሊቀመንበሩን የሚቀድም መኪና የለም። አምቡላንስ እንኳ ጠይቆ ነው የሚያልፈው።»

«እንግዲያው ላንድሮቨሩ ፈጠን ይበል።»

«አይሆንም። የነዳጅ ቁጠባ መመሪያ አለ። የመንግሥት መኪና በዝግታ ነው የሚነዳው።» እስክሪብቶውን አነሳ። «አንተ በከሰል ነው የምትሄደው፤ ስለ ቤንዚን አታውቅም።»

በፈተናው ጠዋት ሊቀመንበሩ ዘነበ ከላንድሮቨራቸው ወርደው ምድጃውን ዞረው አዩት። ወፍራም፣ ረጋ ያሉ፣ ለሰው ክፉ የማይናገሩ ሰው ናቸው። «ጥሩ ነው፤ በራስ መተማመን ማለት ይኸው ነው» አሉ። ከዚያም በከማሉዲን ጋቢና ውስጥ ታዛቢ ሆኖ የሚቀመጠውን የትራፊክ ፖሊስ አስተዋወቁት። አምሳ አለቃ ገሪማ ይባላል፤ ጉልበቱን የሚያመው ቀጭን ሰው ነው።

«ይኼ በርሜል አይፈነዳም አይደል?» አለ ገሪማ ሲገባ።

«አይፈነዳም፣ አምሳ አለቃ።»

«ስድስት ልጆች አሉኝ።»

«እኔም መኪና አለችኝ።»

ገሪማ ሳቀና በሩን ዘጋ። ላንድሮቨሩ ቀደመ፤ ቤድፎርዷ ተከተለች። እስከ ወናጎ ነገሩ ደህና ነበር። ከማሉዲን ከዳገቱ ሥር ሲደርስ ሆን ብሎ ወደኋላ ቀረ፤ ላንድሮቨሩ ይርቅለታል ብሎ። ላንድሮቨሩ ግን ይባስ ብሎ ዘገመ፤ ዘነበ ተከታያቸው እንዳይጠፋ ሾፌሩን ጠብቅ ብለውታል። ከማሉዲን ረገጠ። ወናፉ አፏጨ። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ እንዳለፉ የላንድሮቨሩ ጀርባ ፊታቸው ላይ ተገተረ።

«ቀስ በል» አለ ገሪማ።

«ቀስ ማለት አልችልም።»

«የሊቀመንበሩ መኪና ነው እኮ።»

ከማሉዲን እግሩን አነሳ። ፉጨቱ ወፈረ፣ ጠፋ። ወደ ሁለተኛ ማርሽ፣ ወደ አንደኛ ቀነሰ፤ መኪናዋ አንድ ሁለቴ ተርገበገበችና ቆመች። ገሪማ የሚያመውን ጉልበቱን ረስቶ ወርዶ ታኮ ወሸቀ።

ላንድሮቨሩ ወደኋላ ተመለሰ። ዘነበ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። «ቆመች?»

«ከፊቴ ሰው ስለነበረ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እሳቷ የሚግለው ስትፈጥን ነው። እናንተ ከኋላዬ ብትሆኑና አንድ ጊዜ ብሞክር…»

«እኛ በዝግታ ወጣን» አሉ ዘነበ በትዕግሥት፣ ለልጅ እንደሚያስረዱ። «አንተ በዝግታ መውጣት አቃተህ። በዝግታ መውጣት ያቃታት መኪና በፍጥነት ትወጣለች ብለህ ማንን ታሳምናለህ?»

ከማሉዲን መልሱን ያውቀዋል። ጋዙን፣ ወናፉን፣ እሳቱን፣ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚጎትት፣ ሁሉንም በቅደም ተከተሉ ሊናገር ይችላል። ዳገት ላይ፣ በመኪና መስኮት፣ ፀሐይ እየከረረ ግን ቅደም ተከተል የሚሰማ ሰው የለም።

«ኮንጋ እንጠብቅሃለን» አሉ ዘነበ። «ከደረስክ ደረስክ። ካልደረስክ ያው ውሳኔው ይታወቃል።»

ላንድሮቨሩ ሄደ። ከማሉዲን ፍሬኑን እየያዘ መኪናዋን ወደ ዳገቱ ግርጌ አንደረደረና የምድጃውን ማራገቢያ በእጁ እያዞረ እሳቱን መልሶ አጋለ። አይቸኩልም። የአመዱን በር አይቶ ዘጋ፣ የቃጫውን ጣሳ በእጁ ዳሰሰ፣ ከሰል ጨመረ። ገሪማ ከጥላ ሥር ሆኖ ያየዋል።

«እውነት ትወጣለች?»

«ካላስቆሟት ትወጣለች።»

ወጣች። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ በሦስተኛ ማርሽ አለፈችው፤ ሁለተኛውንም አለፈች። ፉጨቱ እንደ ክር ቀጠነ። ገሪማ የበሩን እጀታ ጨብጦ ፈገግ ብሏል። የዳገቱ መጨረሻ ሊታይ ሲል፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ለማረፍ ቆሞ የነበረው ላንድሮቨር ወደ መንገዱ ብቅ አለ። እንደ ኤሊ ይሄዳል።

ከማሉዲን እግሩን አላነሳም። መንገዱ እዚያ ላይ ቀጥ ያለና ሰፊ ነው፤ ከፊት የሚመጣ የለም።

«አምሳ አለቃ፣ ማለፍ የሚከለክል ምልክት አለ?»

«ምልክት የለም» አለ ገሪማ። «ምልክቱ ሰውየው ናቸው።» ትንሽ አሰበና ቆቡን አይኑ ላይ ደፋው። «እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ቤድፎርዷ ከነጨዋ ሊቀመንበሩን አለፈቻቸው። በጎን መስታወቱ ውስጥ የዘነበ ፊት ለአፍታ ታየ፤ የተቆጣ አይመስልም፣ የማያምን ይመስላል።

እነ ዘነበ ኮንጋ ሲደርሱ ጨው አውራጆቹ ግማሹን አውርደዋል። ማንም ስለ መቅደሙ አልተናገረም። ዘነበ ጥላ ሥር ቆመው ውዳሴን ወደ መኪናዋ ላኩት። ውዳሴ በወንበሩ ሥር፣ በጭነቱ ወለል ሥር፣ በጨው ጆንያዎቹ መካከል እየተንበረከከ የተደበቀ ቤንዚን ፈለገ። የቤንዚን ጋኑን አንኳኳ፤ ባዶ ነው። ካርቡራቶሩ የነበረበትን ቦታ አየ፤ የቱቦ አፍ ብቻ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ጥላሸት ሆነ።

«የለም» አለ።

«በደንብ አይተሃል?»

«የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ዘነበ ወናፉን አዩት። ገና አልቀዘቀዘም። «ይኼ ነው የሚያስፈጥናት?» አሉ።

ከማሉዲን ልቡ ሞቀ፤ በመጨረሻ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁኝ ብሎ። «እሱ ነው» አለ። ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳ። ዘነበ እስኪጨርስ ሰሙት፤ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከማሉዲን በኋላ ሲያስበው፣ በሕይወቱ የሠራው ትልቁ ስህተት ያንን ማብራሪያ ጥርት አድርጎ መናገሩ ነበር።

ውሳኔው በሳምንቱ ወጣ። ውዳሴ ተነስቶ ጨበጠው። «እንኳን ደስ አለህ። መኪናህ ስምሪት አግኝታለች።»

ከማሉዲን ወረቀቱን አነበበው። ተሽከርካሪዋ በከሰል እንድትሠራ ተፈቅዷል። ከልክ በላይ ፍጥነት የሚሰጠው ዕቃ ግን በትራፊክ ፖሊስ ፊት ይወጣል። ተሽከርካሪዋ ማንኛውንም የመንግሥት መኪና አትቀድምም። የተሰጣትን ስምሪት ካልፈጸመች እንደ ቆመች ተቆጥራ ትወረሳለች። ከወረቀቱ ጋር የመጀመሪያው ስምሪት ተያይዟል። ወደ ሬኮ ነው፤ ከይርጋጨፌም ወዲያ፣ ዳገት በዳገት ላይ።

«ጓድ ውዳሴ፣ ያለ ወናፉ ዳገት አትወጣም።»

«ሜዳ ሜዳውን ሂዳ።»

«ጌዴኦ ውስጥ ሜዳ የት አለ?»

ውዳሴ አሰበ። «ኳስ ሜዳው አለ» አለ፤ ሳይስቅ።

ወናፉን ያወጣው ይርጉ ነው፤ ከማሉዲን ቆሞ ብቻ ያይ ነበር። አራት ብሎን ነው። ለመሥራት ያን ያህል ጊዜ የፈጀ ነገር ለመፍታት ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አበሳጨው። ገሪማ መጣና በጆንያ ላይ የተቀመጠውን ወናፍ አየ፤ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ከዚያ የስምሪቱን ወረቀት ተቀብሎ አነበበ።

«ሬኮ» አለ።

«ሬኮ።»

«እኔ ወጥቷል ብዬ ፈርሜአለሁ። ዓይኔ ያየው ይኸው ነው፤ ወጥቷል።» ወረቀቱን መለሰለት። «ተመልሶ ስለመግባቱ የጠየቀኝ የለም። መቅደሙን ግን ተው፣ ልጄ። ሁለተኛ ጊዜ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ወናፉ ገባ። በማግስቱ ከማሉዲን ጨውና ማዳበሪያ ጭኖ ብቻውን ወጣ። ከወናጎ ወዲያ፣ ከዳገቱ ሥር፣ እሳቱን ሊያግል ሲቆም ቀና ብሎ አየ። ከላይ፣ በሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ ላንድሮቨሩ ሬኮ ወደሚደረገው ስብሰባ እየሄደ ነው፤ በዝግታ። ከማሉዲን አሰላው። አሁን ቢነሳ ከጫፉ ሳይደርስ ይይዛቸዋል። ከያዛቸው ወይ ይቆማል ወይ ይቀድማል። ከቆመ ስምሪቱን አልፈጸመም፤ ከቀደመ ወረቀቱን ጥሷል።

ሞተሩን አጥፍቶ ታኮ ወሸቀ። ላንድሮቨሩ እስኪጠፋ ጠበቀ፤ ከሰሉም በከንቱ እየነደደ ጠበቀ። ከዚያ ተነስቶ ዳገቱን እንደ ወፍ ወጣው። ከይርጋጨፌ ወዲያ ባለው ዳገት ሥር ደረሰ፤ ላንድሮቨሩ አሁንም ከላይ ነበር። እንደገና ቆመ። በዚያ አውራጃ ውስጥ ከቤድፎርዷ የበለጠ ዳገት የምትወጣ መኪና አልነበረችም፤ ሬኮ ግን የደረሰችው ከሁሉም ኋላ፣ ስብሰባው ተበትኖ ነው።

ማታ ሲመለስ ራዚያ የሱቁን በር ይዛ ጠበቀችው። «ደረስክ?»

«ደረስኩ።»

«ጨው ተረከቡህ?»

«ተረከቡኝ።»

«እንግዲያው መኪናችን አልተወሰደችም። ፊትህ ምነው እንዲህ ሆነ?»

«ስጠብቅ ዋልኩ፣ እትዬ» አለ ከማሉዲን።

መኪናዋ በእጃቸው ቀረች። ዓመቱን ሙሉ ጨው አወጣች፣ ቡና አወረደች። የዳገቱ ሰዎች ግን ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር ለመዱ። ቤድፎርዷ ሞተሯን አጥፍታ፣ ምድጃዋ ቀጭን ጭስ እያወጣ፣ ከዳገቱ ሥር ቆማ ሲያዩአት፣ ግብሩንና መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ወደ ቡናው ጫካ ገባ ብሎ ይደበቅ ነበር። ባለሥልጣን ከላይ እያለፈ መሆኑን የሚነግራቸው እሷ ነበረች።